ሰርጌ እሁድ ነው፣ እኔ ምሳ የምበላው ስንት ሰዓት ነው?

ጥር ሊገባ ነው መሰል፣ ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሰርግ ናቸው። የሚገርመው ስለ ቬሎም ስለ አዳራሽ ዋጋም የጠየቀ የለም። ሁሉም የሚለው "ቀኑ አይበቃንም" ነው። አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰርጌ ከጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሁድ ነው። ቤታችን ሳሪስ፣ አዳራሹ ቦሌ፣ የሙሽራው ቤተሰቦች ቤት አያት ነው። ፕሮግራሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጸጉርና ሜካፕ እጀምራለሁ፣ ሠሪዋ አንድ ናት፣ እኛ ከነሚዜዎቼ ሰባት ነን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ፣ 3 ሰዓት ሙሽራው ይመጣል፣ 4 ሰዓት እንጦጦ ፓርክ ፎቶ፣ 5 ሰዓት ተኩል ወዳጅነት ፓርክ ፎቶ፣ 6 ሰዓት ተኩል አዳራሽ፣ 9 ሰዓት ኬክ፣ 10 ሰዓት ወደ አያት። ታላቅ እህቴ ስታገባ ቀኑን ሙሉ ስትዋከብ ውላ ማታ ላይ አለቀሰች። እኔ ዘና ብዬ መዋል ነው የምፈልገው። ይሄ ያስኬዳል?
የጥር ሙሽራ፣ ከሳሪስ

መልስ፦ አያስኬድም የኔ እህት። እንኳን ደስ ያለሽ ልልሽ ነበር ግን ፕሮግራምሽን ሳነበው እኔው ደከመኝ።

መጀመሪያ ሜካፑን እናስላው። ለሙሽራ ጸጉርና ሜካፕ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለአንድ ሚዜ 45 ደቂቃ ያዢ። ስድስት ሚዜ አራት ሰዓት ተኩል ነው፣ ያንቺ ሁለት ሲጨመርበት ስድስት ሰዓት ተኩል። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምራችሁ፣ ማንም ሳያረፍድ፣ ማንም "ቅንድቤ አላማረኝም እንደገና ሥሪልኝ" ሳትል፣ ሠሪዋም አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳትጠጣ የምትጨርሱት ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ነው። አንቺ ደግሞ በጻፍሽው መሠረት በዚያ ሰዓት እንጦጦ ላይ ፎቶ እየተነሳሽ ነው። ቀኑ ገና ሳይነጋ ሁለት ሰዓት ተኩል ዕዳ ይዞ ተነሳ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ቢበር፣ ወንድምሽ ቢጮህ፣ እናትሽ ቢሳሉ ምንም አይመለስም።

ስለዚህ ሁለት ሠሪ ያዢ፣ ቤት ድረስ ይምጡ። አንዷ አንቺንና ሁለት ሚዜ፣ ሌላዋ አራት ሚዜ ትሥራ። ሦስት ሰዓት ተኩል ይበቃችኋል። ጠዋት 12 ሰዓት ጀምራችሁ 3 ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ፣ አንቺም ሁለት ሰዓት እንቅልፍ አተረፍሽ። ለሁለተኛዋ የሚከፈል ብር ከሌለ ሚዜዎችሽ ቅዳሜ ሹሩባ ይሠሩና እሁድ ሜካፑን ራሳቸው ይቀቡ፣ ዛሬ መቀባት የማትችል ወጣት የት አለች? ሚዜ ቀንሺ ግን አልልሽም፣ እሱ ዕድሜ ልክ የሚያኳርፍ ነገር ነው። ተራሽን በተመለከተ ደግሞ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም አትሁኚ። የመጀመሪያዋ ከሆንሽ ቀትር ሳይደርስ ፊትሽ ይደክማል፣ የመጨረሻዋ ከሆንሽ የሁሉም መዘግየት አንቺ ላይ ይከመራል። ከመጨረሻው በፊት ያለው ወንበር ያንቺ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ያንቺ ችግር የሰዓት እጥረት አይደለም፣ የቦታ ብዛት ነው። ከሳሪስ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወዳጅነት፣ ከወዳጅነት ቦሌ፣ ከቦሌ አያት። የከተማዋን ደቡብ፣ ሰሜን፣ መሀልና ምሥራቅ በአንድ ቀን አዳረስሻቸው እኮ! ብቻሽን በአንድ መኪና ብትሆኚ እሺ። አጀብ ግን እንደዚያ አይሄድም። አንዱ ነዳጅ ልቅዳ ይላል፣ አንዱ መብራት ይይዘውና ይቀራል፣ ቪዲዮ አንሺው ከፊት ሆኖ "ቀስ በሉ" ይላል፣ አጎትሽ የት እንደሚኬድ ሳይሰሙ ቀጥታ አዳራሽ ሄደው ይደውላሉ። በእያንዳንዱ ማረፊያ ከመኪና መውረድ፣ ቬሎ ማንሳት፣ ቬሎ መሰብሰብ፣ መሳፈር አለ። መንገዱ ራሱ ሳይቆጠር ይሄ ብቻ በየቦታው ሃያ ደቂቃ ይበላል። እሁድ መንገዱ ክፍት ነው እንዳትዪኝ። ጥር ላይ እሁድ ማለት በየመንገዱ ክላክስ የሚያስጮህ የሰርገኛ መኪና ማለት ነው። መስቀል አደባባይ አካባቢ ሩጫ ሊኖር ይችላል፣ በ2011 የተጀመረው "መንገድ ለሰው" የተባለው ከመኪና ነፃ ቀን የሚካሄድበት እሁድ ከሆነም የተወሰኑ መንገዶች ጠዋት ለመኪና ዝግ ናቸው። ሳምንቱ ሲቃረብ የት የት እንደሚዘጋ አንድ ሰው ያጣራ።

ደግሞ ሰዓቱን ተመልከቺው። ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ውጭ ፎቶ ለመነሳት ከቀኑ ሁሉ መጥፎው ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል፣ ሙሽራው ያጨነቁራል፣ ነጭ ቬሎ ደግሞ ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ፎቶ አንሺሽን ጠይቂው፣ ደፍሮ ካልነገረሽ ገንዘቡን ፈርቶ ነው። እንጦጦ ቆንጆ ነው፣ አልካድኩም። ግን ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፣ የጥር ነፋስ አለበት፣ አንቺ ደግሞ ትከሻሽ ክፍት ነው። እዚያ ካልተነሳሁ የምትዪ ከሆነ ከሰርጉ በፊት አንድ የሥራ ቀን ምረጡና ተዝናንታችሁ ተነሱ፣ ወይም ለመልሱ ካባ ስትለብሱ ሂዱ። ፓርኮቹ ለሰርግ ፎቶ ፈቃድና ክፍያ ሊጠይቁ ስለሚችሉ ቀድማችሁ ደውሉ፣ በር ላይ ከጥበቃ ጋር መከራከር ለሙሽራ አያምርም።

እኔ ብሆን ቀኑን እንዲህ ነበር የማደርገው። ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ጸጉርና ሜካፕ። ከዚያ አንድ ሰዓት ባዶ። ባዶ ስልሽ ባዶ ነው፣ ቁርስ ትበያለሽ፣ ቬሎ ትለብሻለሽ፣ ከእናትሽ ጋር በር ዘግታችሁ ትቀመጣላችሁ። ሰዓቱ ባዶ ሆኖ ሲታይ አንድ ሰው መጥቶ "እዚህች ጋ እንትንን እናስገባት" ማለቱ አይቀርም፣ እምቢ በዪ። ሙሽራው 4 ሰዓት ተኩል ይምጣ። በር ላይ "አናስገባም" ይባል፣ ይከራከሩ፣ ይጨፈር። ይሄን አታሳጥሩት። ብዙ ሰው ፎቶ ቦታ ለመድረስ ብሎ በሩ ላይ ያለውን ጨዋታ በአምስት ደቂቃ ይገላግለውና ከዓመታት በኋላ ቪዲዮው ላይ ደጋግሞ የሚያየው ግን ያንኑ ነው። ከዚያ ጉልበት መሳም፣ ምርቃት፣ ቀጥሎ እዚያው ግቢ ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ፎቶ። የሁለቱን ቤተሰብ ፎቶ ዝርዝር ቀድመሽ በወረቀት ጻፊና ሁሉንም የሚያውቅ ሰው ስም እየጠራ ያሰልፍ። ፎቶ አንሺው አክስትሽን ከጎረቤት አይለይም።

6 ሰዓት ላይ ከቤት ተነስታችሁ ቀጥታ አዳራሽ። 7 ሰዓት መግባት፣ ገብታችሁ እንደተቀመጣችሁ ምርቃትና ቡፌ። መጥሪያው ላይ 6 ሰዓት ተኩል ብለሽ ጻፊ። ስንቱ ሰርግ ላይ ነው እንግዳ በ6 ሰዓት ተጠርቶ ሙሽሮች በ9 ሰዓት የሚደርሱት? ሰው በባዶ ሆዱ ለስላሳ እየጠጣ፣ ልጆች እያለቀሱ፣ ሽማግሌዎች በር በሩን እያዩ። ከዚያ ሙሽሮቹ ሲገቡ የሚጨበጨበው ለቡፌው ነው።

ኬክ 9 ሰዓት ይሁን፣ ጥሩ ነው። ትልልቅ ሰዎችና ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ከ10 ሰዓት በኋላ መነሳት ይጀምራሉ፣ እነሱ እንዲያዩት የምትፈልጊውን ነገር ሁሉ ከዚያ በፊት ጨርሺ። ከዚያ ዲጄው ሕዝቡን ይዞት ሳለ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ሁለታችሁ ሹልክ ብላችሁ ውጡና የአዳራሹ ግቢ ውስጥ ወይም በእግር በሚደረስ ሆቴል ግቢ ለአርባ ደቂቃ ፎቶ ተነሱ። ጥር ላይ አዲስ አበባ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ20 አካባቢ ስለሆነ ያን ሰዓት ብርሃኑ ለስላሳና ወርቃማ ነው፣ ማንም ጥሩ ያነሳበታል። ሚዜም ዘመድም አታስከትሉ። ቀኑን ሙሉ ሁለታችሁ ብቻ የምትሆኑበት ሰዓት ይሄ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተመልሳችሁ ጨፍራችሁ ሲመሽ ወደ አያት። የሙሽራው ቤተሰቦች "10 ሰዓት ብላችሁን ነበር" እንዳይሉ ከአሁኑ ይነገራቸው፣ ነጋሪው ደግሞ እሱ ይሁን እንጂ አንቺ አትሁኚ።

አሁን ስለ ምሳሽ። ሙሽራ ምሳ የማትበላው ምግብ ስለሌለ አይደለም፣ ሁለት ጉርሻ እንደቀመሰች ሰው ተሰልፎ "እንኳን ደስ ያለሽ" እያለ ስለሚስማትና ፎቶ ስለሚነሳ ነው። መድረክ መሪው ቡፌ ሲከፈት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምር፣ "ሙሽሮቹ ምሳ እስኪበሉ ሰላምታው ይቆየን" ይበል። ሰው ቅር አይለውም፣ ራሱም እየበላ ነው። ፕሮቶኮሎቹ መድረኩ ፊት ቆመው ለሃያ ደቂቃ ያስተናግዱ። ይሄም አልሆን ካለ ከአዳራሹ ጀርባ ያለች ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ብሉ። መኪና ውስጥ ደግሞ ውኃ፣ ሙዝና ቆሎ ይቀመጥ፣ ሚዜሽ ታጉርስሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልክሽን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለሌላ ሰው አስረክቢ። ዲኮር ሠሪው፣ ኬክ አድራሹ፣ የአዳራሹ ሰውዬ፣ መንገድ የጠፋው የአባትሽ ጓደኛ፣ ሁሉም የሚደውለው ላንቺ ነው፣ ሌላ ቁጥር የላቸውማ። ከዘመድ መሀል ቆፍጠን ያለች፣ "አይሆንም" ማለት የማያሳፍራት አንዲት ልጅ አትጠፋም። ሰዓቱን እሷ ትያዝ። ሚዜ አትሁን፣ ሚዜ አብራሽ ስለምትዋከብ አትችልም። ከአንድ ሳምንት በፊት ለሁሉም "የሰርጉ ቀን የምትደውሉት ለእገሊት ነው" ብለሽ ቁጥሯን በቴሌግራም ላኪ። ቀሪ ክፍያዎችን ደግሞ ቅዳሜ በየፖስታው አሽገሽ፣ ላዩ ላይ "ባንድ"፣ "ቪዲዮ"፣ "ዲኮር" ብለሽ ጽፈሽ ስጫት። ቬሎ የለበሰች ሙሽራ የባንክ ማስተላለፊያ ኮድ ስትነካካ ማየት ያሳዝናል።

የጋብቻ ምዝገባውን በደብዳቤሽ አላነሳሽም። ያን ቀን ለማድረግ ካሰባችሁ ተዉት። ቀደም ባለ የሥራ ቀን፣ ከየወገናችሁ ሁለት ሁለት ምስክር ይዛችሁ ጨርሱ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እጮኛዬ አሜሪካዊት ናት። ሰርጋችን በኦክቶበር አጋማሽ ቅዳሜ፣ አዳራሹ ከ5 ፒኤም እስከ እኩለ ሌሊት ነው። የሷ ቤተሰቦች 4 ሰዓት ከ50 ላይ በር ላይ ይቆማሉ። የኛ ሰው ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ 7 ሰዓት ተኩል ካልሆነ አይታይም። መጥሪያው ላይ አንድ ሰዓት ቀድሜ ልጻፍ ወይ? ጓደኞቼ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።
በሁለት ሰዓት አቆጣጠር የተቸገረ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትዋሽ። የሚጎዳው ሰዓት አክባሪው ነው። አማቶችህ 4 ፒኤም መጥተው ወንበር እየተደረደረ ያገኛሉ። የኛ ሰው ደግሞ ዘዴውን ስለሚያውቅ "ቀድመው ነው የጻፉት" ብሎ የራሱን አንድ ሰዓት ይጨምርበታል። ሁላችንም ለምደነዋል እኮ።

በቅድሚያ አንድ ነገር አጣራ። እናትህ ለዘመዶቻቸው በስልክ ሲጠሩ የሚሉት ምንድን ነው? "ከቀኑ 11 ሰዓት" የሚሉ ከሆነ ትልልቆቹ በትክክል ይረዱታል። እዚያ ያደጉት ልጆቻቸው ግን አስራ አንድ ነው የሚሰሙት፣ ሹፌሮቹም እነሱ ናቸው። ቴሌግራም ላይ በአማርኛ የምትልኩት መልእክት ሁለቱንም ይዞ ይውጣ፣ "ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በአሜሪካ 5 ፒኤም" ተብሎ። ብዙ ያረፈደ የመሰለን ሰው መጀመሪያውኑ ተደናግሮ ነው።

ሰው የሚያረፍደው የሚያመልጠው ነገር እንደሌለ ስለሚያውቅ ነው። አንድ የሚያመልጥ ነገር አድርግለት። ከ5 እስከ 6 ሰዓት መጠጥና ቀለል ያለ ቁርሳ ቁርስ ይኑር፣ 6 ከ15 ላይ ትገባላችሁ፣ 6 ከ45 ላይ እራት ይቀርባል፣ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ቢሆንም። ግማሹ ባዶ ቢሆንም ብዬሃለሁ! እዚህ ላይ ነው ሁሉም ልቡ የሚርደው። አባትህ "ትንሽ እንጠብቃቸው" ይላሉ፣ አክስትህ "እነ እገሌ መንገድ ላይ ነን ብለዋል" ትላለች፣ አንተም ትለሰልሳለህ፣ እራቱ 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ አዳራሹ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ያበራል። ትርፍ ሰዓት የሚያስከፍሉትን ውሉ ላይ አንብበህ ከሆነ ለምን እንደምጨነቅልህ ይገባሃል። ውሉን ስታነብ የዲኮርና የባንዱ ዕቃ የሚነሳበት ጊዜ በዚያው ሰዓት ውስጥ ተካትቶ እንደሆነም እይ፣ ከተካተተ ጭፈራው የሚያልቀው 12 ሳይሆን 11 ሰዓት ተኩል ነው። ላረፈደው ሰው ምግብ ተሸፍኖ ይቀመጥለት እንጂ ሕዝቡ በሱ አይታሰር።

የንግግር ነገር ደግሞ አለ። ከሷ ወገን አባት፣ ታላቅ እህትና ጓደኛ ይናገራሉ። ከኛ ወገን ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ምርቃት ደግሞ አይቆረጥም፣ "አሜን" እያልክ መቆም ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ከደረደርከው አንድ ሰዓት ሄደ። ምርቃቱን እንደገባችሁ፣ የነሱን ንግግር እራት መሀል አድርገው። ለአማቶችህ ምርቃቱ ምን እንደሚል ባጭሩ የሚያሾክሹክላቸው ሰው አጠገባቸው አስቀምጥ፣ ካልሆነ ሰውየው እየተቆጡ ይመስላቸዋል። ኬኩም የመጀመሪያው ዳንስም ከ9 ፒኤም በፊት ይለቅ። የሷ ዘመዶች ቀድመው ይሄዳሉ፣ የኛዎቹ ገና እየሞቁ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው እስክስታ ፕሮግራም አያስፈልገውም።

ፎቶውን ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱ። በኦክቶበር አጋማሽ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ በኋላ እንነሳለን ብትሉ ጨለማ ነው የሚጠብቃችሁ።

ጥያቄ፦ እንደምን ከርማችኋል። ልጄ በተክሊል ልታገባ ነው፣ ቅዳሴው እሁድ ጠዋት ነው። እሷ የዚያኑ ቀን የምሳ ድግሱም ይሁን ትላለች። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ዘመድ ወዳጅ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ልጄን ድካም ይጥላታል ብዬ ሰግቻለሁ። ምን ይሻላል ትያለሽ?
እናት፣ ከጎንደር

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃዎት እትዬ። ስጋትዎ ትክክል ነው። ድካሙ የሚመጣው ከእሁድ ሳይሆን ከቅዳሜ ነው።

እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ለቁርባን 18 ሰዓት መጾም አለ። ቆርበው የሚወጡት ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነው ብንል ሙሽሮቹ እህል ውኃ የሚያቆሙት ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ነው። እና ቅዳሜ ማታ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ ወጡ እየሸተተ፣ ዘመድ ሁሉ "ብዪ እንጂ የኔ ልጅ" እያለ፣ እሷ ደግሞ ሳትበላ ስትጫወት አምሽታ እኩለ ሌሊት ትተኛለች፣ ከዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሺ ትባላለች። ልጅቷን የሚጥላት ይሄ ነው። ቅዳሜን ባዶ አድርጉላት። ቀትር ላይ ጥሩ ምሳ ትብላ፣ ውኃም በደንብ ትጠጣ፣ ከመሸ ጩኸት በሌለበት ክፍል ወይም አክስቷ ቤት ሄዳ ትተኛ። ዘመዱን እርስዎ ያስተናግዱ። ሙሽራ ቅዳሜ ማታ ባትታይ የሚከፋው ሰው ካለ ዓርብ ይምጣ።

እሁድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ አዳራሽ አይሁን። ቤት ይመለሱ፣ ቀለል ያለ ነገር ይቅመሱ፣ ጫማ አውልቀው አንድ ሁለት ሰዓት ይረፉ። ሜካፑም ቢሆን ያኔ ነው የሚሠራው፣ ለቅዳሴ ተቀብቶ መሄድ አያስፈልግም። ምሳው 8 ሰዓት ቢሆን ይበቃል፣ መጥሪያውም ላይ እንደዚያው ይጻፍ። ከቁርባን በኋላ ስለሚደረገውና ስለማይደረገው፣ ጭፈራውን ጨምሮ፣ የንስሐ አባታቸውን ቀደም ብለው ይጠይቁና ባንድ የሚቀጠር ከሆነ ከመቀጠሩ በፊት ይወሰን። አቅሙና የዘመዱ ሁኔታ ከፈቀደ ግን እኔ ድግሱን ሰኞ ባደርገው ደስ ይለኛል። "ሰኞ ማን ይመጣል?" ይሉኝ ይሆናል። የሚወዳችሁ ይመጣል፣ ደጋሹም ትንሽ ብር ይተርፈዋል።

ጥያቄ፦ የጓደኛዬ አንደኛ ሚዜ ነኝ። ሁሉም "አደራህን" ይለኛል፣ አደራው ምን እንደሆነ የነገረኝ ግን የለም። ቢያንስ ምን ምን ልያዝ?
አደራ የበዛበት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ቀለበቱ አንተ ኪስ ውስጥ ይሁን፣ የኮትህ የውስጥ ኪስ፣ ዚፕ ካለው። መርፌና ነጭ ክር፣ የጫማ ብሩሽ፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ የስልክ ቻርጀር፣ ዝርዝር ብር። በየደረስክበት ዝርዝር የሚጠይቅ አታጣም። አዳማ ሙቀት ስላለ ለሙሽራው ትርፍ ሸሚዝና ሁለት መሐረብ ጨምር፣ ኮት ለብሶ ከጨፈረ በኋላ ታመሰግነኛለህ።

ጠዋት ሥራህ አንድ ነው፣ ሙሽራውን በሰዓቱ ከቤት ማስወጣት። ሴቶቹ ያረፍዳሉ ይባላል እንጂ እኔ ባየሁት ወንዶቹም አይታሙም። ጸጉር አስተካካዩ ጋ ወረፋ አለ፣ ክራቫት ማሰር የሚችል ይጠፋል፣ አንዱ ሚዜ ማታ ባቸለር ፓርቲ አምሽቶ ስልኩን አያነሳም። ይሄን ፓርቲ ሐሙስ ወይም ዓርብ አድርጉት፣ የሰርጉ ዋዜማ እንዳይሆን። ክራቫቶቹን ሁሉ ማታውኑ አስራችሁ አድሩ። መኪና አስጌጡ ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ እወቅ።

ሙሽራውንም ሰው ከቦት ሲጨናነቅ ካየህ "ስልክ ይፈልግሃል" ብለህ ወደ ውጭ አውጣው። የደወለለት ሰው ባይኖርም ችግር የለውም፣ አምስት ደቂቃ አየር ወስዶ ይመለስ።

የመኪናውን ነዳጅ ቅዳሜ ሙላ።